የሴቶች ግማሽ ጣት የብስክሌት ጓንት፦ ጄሉ ከቦታው እየሸሸ ተቸገርኩ

ጤና ይስጥልኝ፤ የብስክሌት ጓንት የምታውቁ እባካችሁ መላ በሉኝ። የመዳፌ ዙሪያ ከአውራ ጣት ውጭ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ስሞሉ (ትንሹ ቁጥር) የጣቶቼን መሀል ይቆርጠኛል። ሚዲየሙ (መካከለኛው) ደግሞ ይሰፋኛል፤ መሪውን ስጨብጥ ጨርቁ ይታጠፍና ጄሉ፣ ማለትም ጓንቱ መዳፍ ላይ ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ወደ መዳፌ መሀል ይሸሻል። 40 ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ።

ጫናው የሚያርፈው ለእነዚህ ጣቶች ስሜት በሚሰጠው የኡልናር ነርቭ ላይ ነው። ነርቩ በትንሿ ጣት በኩል ባለው የመዳፍ ግርጌ ስለሚያልፍ ጄሉ እዚያው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫናውን ማካፈል አለበት። ወፍራም ጄል መፍትሄ አይመስለኝም፤ መሪው ስለሚወፍር ትንሽ እጅ የባሰ አጥብቆ ይጨብጣል፣ ድካሙም ይጨምራል። መቀመጫውን በውሃ ልክ አስተካክያለሁ፤ ወደ ፊት አዘንብሎ ክብደቴን እጄ ላይ አይጥለውም። የእጄን አንጓም ቀጥ አድርጌ ነው የምይዘው።

አሁን የቸገረኝ ምርጫው ነው፦ ስሞሉን ይዤ በጣቶቹ መሀል ያለውን ስፌት ላስለቅቅ፣ ወይስ ሚዲየሙን በእጅ ጀርባ በኩል ላስጠብብ? ጓንት አስጠብባችሁ የምታውቁ፣ መርፌው ጄሉን እንዳይበሳው ስፌቱን በየት በኩል አሳለፋችሁት? መዳፉ ጠበብ ብሎ ጣቱ ጋ ሰፋ ያለ የሴት ጓንት የምታውቁም ካላችሁ ጠቁሙኝ።