ሰልፈኛው ቤቱ ከገባ በኋላስ?

የማክዳ እናት፣ በርሊን

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። ቀኖቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሴፕቴምበር 20 ቀን 2019 ከልጄ ጋር ለአየር ንብረት ሰልፍ ብራንደንቡርግ በር ጋ ነበርን። ማክዳ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። የጫማ ካርቶን ላይ ምድርን ሥላ፣ ከሥሩ "ቤታችን" ብላ በአማርኛ ጽፋ ነበር። አዘጋጆቹ እንዳሉት በዚያ ቀን ጀርመን ውስጥ ብቻ 1.4 ሚሊዮን ሰው ወጥቷል። ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ዓመት በፊት ነው፤ ስዊድናዊቷ ተማሪ ግሬታ ቱንበርግ በ15 ዓመቷ ስቶክሆልም ፓርላማ ደጅ ብቻዋን ስትቀመጥ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ አለቀስኩ። ወሎ ነው ያደግኩት። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዝናብ ሲቀር ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ሰልፉ ቆመ። ቀጥሎ የዩክሬን ጦርነት፣ የጋዝ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ። በሰፈራችን ያቋቋምነው ቡድን ሲጀመር 40 ነበርን። ባለፈው ሐሙስ ለ20 ሰው ኩባያ ደርድሬ ስጠብቅ ስድስት ሰው መጣ። ያልተነካውን ኩባያ መልሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ስከት ሆዴ ባባ።

ማክዳ አሁን 17 ሆናለች። "እማ፣ ያን ሁሉ ጮኸን ምን ተገኘ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ሰው እንዳይበተን ምን አደረጋችሁ? አይዞሽ ከምትሉኝ የሠራችሁትን ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

የወይኑ ሰፈር፣ ፍራይቡርግ

እህቴ፣ ለልጅሽ መልስ አለ። በ2019 የወጣው የጀርመን የአየር ንብረት ሕግ ደካማ ነበር። ከባዱን ሥራ ከ2030 በኋላ ላለው ጊዜ ነው የተወው። ወጣቶቹ ካርልስሩኸ ወዳለው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሄዱ። ከእነሱ አንዷ ሰልፎቹን ከሚመሩት መካከል የነበረችው ሉዊዛ ኖይባወር ናት። ኤፕሪል 2021 ፍርዱ ይፋ ሆነ። ዛሬ የምንሸሸውን ሸክም በነገዎቹ ትከሻ ላይ መከመር ነፃነታቸውን መንካት ነው ተባለ። በጥቂት ወራት ሕጉ ተሻሻለ፤ በ2030 ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ ልቀት ከ1990ው በ55 በመቶ ይቀንስ የነበረው 65 ሆነ፣ የሚለቀቀውና የሚመጠጠው ጋዝ እኩል የሚሆንበት ዓመትም ከ2050 ወደ 2045 መጣ። ይህ ሲሆን አደባባዩ በኮሮና ጭር ብሎ ነበር። የማክዳ ካርቶን እዚያ ድረስ ሄዷል።

ሁለተኛ፣ እዚህ አጠገባችን ቪል የሚባል መንደር አለ። በፌብሯሪ 1975 የኒውክሌር ጣቢያ ሊሠራበት የታሰበውን ጫካ ገበሬዎችና የወይን አምራቾች ገብተው ያዙት። እኔ ያኔ አልመጣሁም፤ ጎረቤቶቼ ግን ነበሩበት። አንዷ አሮጊት ስታጫውተኝ፣ የሚገርማት ፖሊሱ አይደለም፤ ጫካ ውስጥ የሠሩት የእንጨት ቤት ነው። እዚያ ምግብ ይበሰላል፣ ማታ ማታ ትምህርት ይሰጣል። ሰው የሚመጣው ለመቃወም ብቻ አልነበረም፤ ለመማር፣ ከሰው ጋር ለመብላትም ነው። ጣቢያው ሳይሠራ ቀረ። የጀርመን የመጨረሻዎቹ ሦስት የኒውክሌር ጣቢያዎች የተዘጉት ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ነው፤ ከቪል 48 ዓመት በኋላ። መዘጋታቸው ለአየር ንብረቱ በጀ ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔም ከልጆቼ ጋር አልተስማማሁበትም። ግን 48 ዓመት የቆየው እንዴት እንደሆነ አይተሽ ስብሰባሽን መርምሪ። አጀንዳ ብቻ ነው ወይስ የሚበላም አለው?

የዳኒ አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ አጭር ነገር ልጨምር። ኤፕሪል 22 ቀን 1970 የመጀመሪያው የምድር ቀን ሲከበር 20 ሚሊዮን ሰው ወጣ ይባላል። በማግስቱ ሁሉም ሥራው ገባ። አዘጋጆቹ ግን በዚያው ዓመት ምርጫ፣ ለአካባቢ ክፉ ድምፅ የሰጡ 12 የምክር ቤት አባላትን ስም ዘርዝረው ዘመቱባቸው። ሰባቱ ወደቁ። በዲሴምበር የንጹሕ አየር ሕጉ ጸደቀ። ሰልፉ ሳይበርድ አንድ የሚቆጠር ሥራ ያዙ ለማለት ነው።

ጥድና ወይራ፣ ሐዋሳ

እኔ የማወራው ስለ ችግኝ ነው፤ ሥራዬ እሱ ስለሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በመንግሥት ሲነገር እኔም ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ደስ ይል ነበር። በጥር ተመልሼ ስሄድ እኛ ከተከልንበት ዳገት ብዙው ደርቋል፣ የቀረውን ፍየል በልቶታል። ለተከላ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቶ ነበር። ውኃ ለማጠጣት ማንም አልመጣም።

ያን ጊዜ ዛፍ የመትከል ንቅናቄ የመሠረቱትን የዋንጋሪ ማታይን ሥራ ማንበብ ጀመርኩ። ኬንያ ውስጥ በ1977 እንደ ፈረንጆቹ ሲጀምሩ በመጀመሪያው ቀን የተከሏቸው ሰባት ዛፎች ብቻ ናቸው። በኋላ ለገጠር ሴቶች ጥቂት ሳንቲም ይከፍሉ ነበር፤ ክፍያው ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነው። እኛ ገንዘብ የለንም። ያደረግነው ዳገቱን ለቤተሰብ ማከፋፈል ነው፣ ለአንድ ቤት 20 ችግኝ። የተከላ ቀን ማክበሩን ትተን የቆጠራ ቀን አበጀን፣ በየጥሩ። ቡና ይፈላል፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆጥሮ ይናገራል። የደረቀበት ሰው በግልጽ ይናገራል፣ ማንም አይወቅሰውም፣ በክረምቱ ይተካል። ባለፈው ጥር 31 ቤት መጣ። ከአራት ዓመት በፊት የጀመርነው በ9 ነው።

የማክዳ እናት፣ በርሊን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ፍርዱን ሰምቼ ነበር፤ ከእኛ ሰልፍ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም። ማታ ለማክዳ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና "ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?" አለች። ልክ ናት። ስላሸነፍነው ነገር ስብሰባ ጠርተን አናውቅም።

እዚህ በርሊን ከ400 ሺህ በላይ የመንገድ ዳር ዛፍ አለ። "ጊስ ዴን ኪዝ" በሚባል የኢንተርኔት ካርታ ላይ ነዋሪው ዛፍ መርጦ ይወስዳል፣ ያጠጣበትን ቀን ይመዘግባል። ከአዳራሹ ፊት ለፊት 14 የሊንደን ዛፍ አለ፣ የእጅ ፓምፑም ቅርብ ነው። ለሐሙስ ስድስቱንም ባልዲ ይዛችሁ ኑ ብያቸዋለሁ፤ ድፎ ዳቦ እጋግራለሁ።

የሐዋሳው ወንድሜ፣ ቆጠራውን በምን ነው የምትይዙት?

ጥድና ወይራ፣ ሐዋሳ

በደብተር። የቤቱ ስም፣ የችግኙ ዓይነት፣ የተተከለበት ወር፣ በጥር ስንት እንደቆመ። ደብተሩን በየዓመቱ ሌላ ቤት ያስቀምጠዋል። የአንዱን ገጽ ፎቶ አንሥቼ ነገ እልክልሻለሁ።