ክርክር፦ ጣት ሲያርፍ ወሳኙ ወላጁ ቪው ነው ወይስ ልጁ?

የክርክሩ ጉዳይ፦ አንድሮይድ ላይ ወደ ጎን ገጽ የሚቀይር ቪውፔጀር2 አለ፤ በውስጡ ደግሞ ወደ ጎን ስክሮል የሚደረግ ሪሳይክለርቪው (የዝርዝር ማሳያ) ተቀምጧል። ሁለቱም ቪው፣ ማለትም የስክሪን ክፍል ናቸው፤ ውጪኛው ወላጅ፣ ውስጠኛው ልጅ ይባላል። ተጠቃሚው ዝርዝሩን ልግፋ ሲል ገጹ ይቀየርበታል። ማስተካከያው የት ይጻፍ?

ልጅ ይቅደም፦ ልጁ ጋ ነዋ! ሪክዌስትዲስአላውኢንተርሴፕትተችኢቨንት (ወላጁ ንክኪውን እንዳይነጥቅ የሚከለክል ጥሪ) የተሠራው ለዚሁ ነው። አክሽን ዳውን (ጣት ማረፉን የሚናገር መልእክት) ሲደርስ ልጁ ይህን ወላጁ ላይ በ«ትሩ» (አዎ) ይጠራዋል፣ አለቀ። ዝርዝሩ ጫፍ ላይ መድረሱን ከራሱ በላይ ማን ያውቃል?

የወላጅ ጠበቃ፦ አላለቀም ወንድሜ። አንደኛ፣ ያ ክልከላ አዲስ አክሽን ዳውን በመጣ ቁጥር ይሰረዛል፤ ኦንክሪኤት (ገጹ ሲፈጠር የሚሠራ ኮድ) ላይ አንዴ ጠርተው «አልሠራልኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ዳውን ሲመጣ የወላጁ ኦንኢንተርሴፕትተችኢቨንት (ንክኪውን ይንጠቅ አይንጠቅ የሚወስነው ኮድ) ከልጁ ቀድሞ ይጠራል። እዚያ ላይ ትሩ ከመለሰ ልጁ ንክኪውን አያየውም፣ በውስጡ ያሉ ቁልፎችም አይሠሩም። ሦስተኛ፣ ክልከላው ወደ ላይ ለአያትም ለቅድመ አያትም ይተላለፋል። ከልክለህ ዝም ካልክ፣ ጣቱን ዝርዝሩ ላይ አሳርፎ ወደ ታች ለመውረድ የሚሞክር ሰው መላ ገጹ ይደርቅበታል።

ልጅ ይቅደም፦ ማን ዝም በል አለህ? ዳውን ላይ ኤክስና ዋይን (የጣቱን የጎንና የቁም ቦታ) መዝግብ፣ ከልክል። ሙቭ (ጣት ሲንቀሳቀስ የሚመጣው) ላይ ልዩነቱን አስላና ከቪውኮንፊገሬሽን ከምታገኘው ተች ስሎፕ (ንክኪው መጎተት የሚባልበት የርቀት ገደብ) ጋር አወዳድር። መነሻው 8 ዲፒ (ከስክሪኑ ጥራት ጋር የሚስተካከል መለኪያ) ነው፤ ቁጥር 8ን በፒክስል የሚጽፍ ሰው ጥርት ባለ ስክሪን ላይ የጣት መንቀጥቀጥን እንደ መጎተት ይቆጥራል። የቁሙ ልዩነት ከበለጠ ክልከላውን አንሳ። የጎኑ ከበለጠ ካንስክሮልሆሪዞንታሊን (ዝርዝሩ ወደዚያ ጎን ገና ይሄዳል ወይ የሚለውን) ጠይቅ፤ መንገድ ካለ ያዝ፣ ከሌለ ልቀቅ። ምልክቱን መገልበጥ እንዳትረሳ፤ ጣት ወደ ግራ ሲሄድ የምትጠይቀው በአዎንታዊ ቁጥር ነው። ብዙው ባግ እዚህ ነው ያለው።

ታዛቢ፦ አንድ ነገር ዘላችኋል። ቪውፔጀር2 የሚጠብቀው 16 ዲፒ ነው፣ ልጁ 8፤ እንግዲያ ልጁ ማሸነፍ ነበረበት። ቀስ ብሎ ሲጎተት ያሸንፋልም። ፈጣን ሲሆን ግን የመጀመሪያው ሙቭ ብቻውን ሁለቱንም ገደብ ይዘላል፣ ያኔ ቀድሞ የሚጠየቀው ወላጁ ይነጥቀዋል። ባጉ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ደግሞ ቪውፔጀር2 ፋይናል ክላስ ስለሆነ ወርሰህ ኢንተርሴፕቱን መቀየር አትችልም። ስለዚህ ኮዱ ከሁለቱም አይገባም፤ በመካከላቸው ፍሬምሌይአውት (ሌላ ቪው የሚይዝ መያዣ) አስገብታችሁ እዚያ ጻፉት። የጎግል ናሙና ኔስትድስክሮለብልሆስትም ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

የወላጅ ጠበቃ፦ ለቪውፔጀር2 ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ወላጁን ራስህ ከጻፍከው ግን ውሳኔው ወላጁ ጋ ቢሆን ይሻላል፤ አለበለዚያ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር ያንኑ ኮድ ትደግማለህ። እዚያም ወጥመድ አለ፦ ዳውንን የተቀበለ ልጅ ከሌለ (ለምሳሌ ጣቱ ተራ ጽሑፍ ላይ ካረፈ) ኦንኢንተርሴፕት ዳግመኛ አይጠራም፣ ሁሉም በቀጥታ ወደ ወላጁ ኦንተችኢቨንት (ንክኪውን የሚያስተናግደው ኮድ) ይሄዳል። የስሎፑን ስሌት ሁለቱም ቦታ ካልጻፍክ ባዶው ስፍራ ላይ መጎተት አይሠራም።

ልጅ ይቅደም፦ አክሽን ካንስልንም ጨምርበት። ወላጁ መሃል ላይ ሲነጥቅ ለልጁ የሚደርሰው አፕ (ጣት ተነሳ) ሳይሆን ካንስል (ተሰረዘ) ነው። አፕን ብቻ የሚጠብቅ ልጅ የተጫነ መስሎ ቀለሙን እንደቀየረ ይቀራል።

ተደራሽነት፦ እኔ ከሦስታችሁም ጋር አልስማማም። ሁለት ወደ ጎን የሚሄዱ ነገሮችን አንዱን በአንዱ ውስጥ የጨመረው ንድፍ ይቀየር፤ ውስጠኛው ዝርዝር በቁም ይሁን፣ ወይም ገጹ በትር (በታብ) ይቀየር። ለምን? ኮዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ተጠቃሚው ዝርዝሩ ጫፍ መድረሱን ሳያውቅ ይጎትትና ገጽ ይቀየርበታል።

ታዛቢ፦ ለዚያ ንድፉን ማፍረስ አያስፈልግም። በአንድ መጎተት መሃል ለወላጁ አትልቀቅ፤ ልጁ አንዴ ከያዘ ጣቱ እስኪነሳ ይያዝ። ጫፍ ላይ ቆሞ አዲስ ዳውን የመጣ እንደሆነ ብቻ ገጹ ይቀየር።

ተደራሽነት፦ ይህ ድንገተኛውን ቅያሬ ይቀንሳል። ፎቶ የሚያጎላ ቪው ውስጥ ሁለተኛ ጣት ሲጨመርስ ማን ይይዛል?