ከአሰላ ወደ አዳማ ንጋት ላይ ለመውረድ ምን ዓይነት ጓንት ይሻላል?

ቀጭን ጎማ፦
ሰላም የአዳማ ብስክሌተኞች። ቅዳሜ አሰላ አድሬ እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ ስወርድ የሚሆነኝን ጓንት ልገዛ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ብርድ ከባድ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ጣት ይደነዝዝና ፍሬን በደንብ አይያዝም። አሁን ያለኝ ወፍራም የጥጥ ሹራብ ጓንት ነው። የሞተር ጓንት ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር አለ? ብስክሌቱ ጥምዝ መሪ ያለው የውድድር ብስክሌት ነው። እዚሁ አዳማ የሚገኝ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የቦኩ ነፋስ፦
ወንድሜ፣ የጥጡን ጓንት ለዚህ መንገድ ተወው። ውፍረት አላነሰውም፤ ችግሩ ነፋስ ማሳለፉ ነው። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዳማ ከዚያ ከ700 እስከ 800 ሜትር ዝቅ ትላለች። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ልዩነት ስላለ፣ አንተ የምትነሳው ከመንገዱ ሁሉ ከሚቀዘቅዘው ቦታ፣ ያውም ሌሊቱ ሙቀቱን ጨርሶ ባሟጠጠበት ሰዓት ነው። ፍጥነቱን ጨምርበት። አየሩ 7 ዲግሪ ሆኖ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትወርድ ያልተሸፈነ ቆዳ የሚሰማው ብርድ የ2 ዲግሪ ያህል ነው። በሹራቡ ዓይን የሚገባው ነፋስ በጣትህ ዙሪያ የሞቀውን አየር ጠርጎ ይወስደዋል። ጥጥ ደግሞ ላብ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ ሆኖ እጅህን ያቀዘቅዘዋል።

የሚያስፈልግህ ሁለት ድርብ ነው። ከውስጥ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ጓንት፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ሰፋ ያለ ጓንት። ገበያ ላይ ለመፈተን የጓንቱን ጀርባ አፍህ ላይ ገጥመህ እፍ በልበት። ትንፋሽህ ከውስጥ በኩል እጅህ ላይ ከተሰማህ መልሰህ አስቀምጠው፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል።

ልኩን ደግሞ በግምት አትውሰድ። አውራ ጣትን ሳትጨምር የመዳፍህን ዙሪያ በሜትር ለካ። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ 8 ቁጥር፣ 23 ገደማ ከሆነ 9 ቁጥር ነው። ለድርብ የሚሆነውን የላይኛውን በአንድ ቁጥር ከፍ አድርግ። ጠባብ ጓንት የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ደም ስለሚያግድ ጣትን ያቀዘቅዛል። ስትጨብጥ ከጣትህ ጫፍ ፊት ትንሽ ባዶ ቦታ ይቅር፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ግን ጨርቁ ፍሬኑ ላይ ይታጠፋል።

ሳልባጅ ፈላጊ፦
የሞተር ጓንትን በተመለከተ፦ ነፋስ ይከላከላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የመዳፉ ቆዳ ደረቅ ነው፣ የጣት መገጣጠሚያው ላይ ያለው ፕላስቲክም እጅ ሲታጠፍ ይገትራል። በውድድር ብስክሌት ማርሽ የሚቀየረው በትንሽ ማንሻ ስለሆነ በዚያ ጓንት ፍሬኑንና ማርሹን ለመለየት ትቸገራለህ። ለቀጥ ያለ መሪ ቢሆን እሺ እልህ ነበር።

ሳልባጅ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ጓንት አንዳንዴ ይገኛል፣ ቀጭኑን ምረጥ። ስታየው እጅህን አስገባና የአንዱን ጣት ጫፍ ከውጭ ይዘህ እጅህን ወደ ኋላ ሳብ። ገበሩ አብሮ ተገልብጦ ከወጣ አትግዛው። ገበሩ ጣቱ ጫፍ ላይ አልተሰፋም ማለት ነው፤ መንገድ ላይ በላብ እጅ ስታወልቀው ይወጣል፣ በደነዘዘ ጣት መልሰህ ማስገባት አትችልም። አንገቱ የእጅ አንጓህን የሚሸፍንና የሚታሰር ይሁን። አንጓ ላይ ደም ስሩ ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ፣ እዚያ ነፋስ ከገባ ጣትህ ድረስ ይቀዘቅዛል። ገዝተህ ስታጥበው ለብ ባለ ውሃ፣ ሳትጠመዝዝ፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ የመዳፉን ቆዳ ያደርቀዋል።

የላይኛው እስኪገኝ ድረስ ከፋርማሲ የሐኪም ጓንት ግዛና በስሱ ጓንት ላይ ደርበው። ነፋስ ፈጽሞ አያሳልፍም። ጉዳቱ ላብ ያጠራቅማል፤ ቁልቁለቱ እንዳለቀ አውልቀው። ላቴክስ የተባለው ጎማ የሚያሳክከው ሰው ከናይትራይል የተሠራውን ይጠይቅ።

ፍሬን ሠሪ፦
ጓንቱን ብቻ አትመልከቱ። የፍሬኑ ገመድ ደርቆ ወይም ዝጎ ከሆነ፣ የቀዘቀዘ እጅ ቀርቶ የሞቀ እጅም ይደክማል። ገመዱን ከሽፋኑ አውጥታችሁ ጥረጉ፣ ቀጭን ዘይት ቀቡ፣ የተሰነጠረ ካለ ለውጡ። የፍሬኑ ማንሻ ራሱ ብረት ስለሆነ የእጅን ሙቀት ይስባል። ከአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ጣት የሚያርፍበትን ያህል ቆርጣችሁ እንደ እጅጌ ማንሻው ላይ አጥልቁት። ብርዱን ይቀንሳል፣ ጓንትም አያንሸራትትም። ብዙ ማንሻዎች ወደ መሪው የሚያቀርብ ብሎን አላቸው፤ በወፍራም ጓንት ጣት በሙሉ አይታጠፍምና ትንሽ አቅርቡት። ከዚያ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ማንሻው መሪውን ሳይነካ ፍሬኑ መያዙን አረጋግጡ፤ ይህን ሳታረጋግጡ ቁልቁለት አትውረዱ።

የቦኩ ነፋስ፦
ትክክል። እኔም አንድ ልጨምር፦ ጓንት ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ነው የሚያቆየው። ስለዚህ እጅህ ሳይቀዘቅዝ ቤት ውስጥ አድርገው። ከመነሳትህ በፊት ክንዶችህን ዘርግተህ ከ20 እስከ 30 ጊዜ በክብ አሽከርክር፣ ደሙ ወደ ጣት ይወርዳል። ደረትህንም ሸፍን፤ ገላ ሲበርደው ሰውነት መጀመሪያ ደም የሚቀንሰው ከጣት ነው። ጃኬት ከሌለ ሹራቡ ስር ደረት ላይ ጋዜጣ ማድረግ በደንብ ይሠራል። ቅዳሜ ዳገቱን ስትወጣ ወፍራሙን ጓንት አታድርግ። በላብ ከራሰ ሌሊቱን ላይደርቅ ይችላል። በላስቲክ ጠቅልለህ የጀርባ ኪስ ውስጥ ያዘው።

ቀጭን ጎማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። አንድ ጥያቄ፦ ከዴራ በኋላ ፀሐይ ሞቆ እንኳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ደንዝዘው ይቆያሉ። ጓንቱ ይበልጥ ወፍራም ይሁን?

ፍሬን ሠሪ፦
እነዚያ ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ብርድ ላይሆን ይችላል። ብርድ አብዛኛውን ጊዜ የሁሉንም ጣቶች ጫፍ ነው የሚይዘው። ትንሿንና የቀለበት ጣቷን የሚያገለግለው ነርቭ በመዳፍህ ስር በትንሿ ጣት በኩል ያልፋል፤ እዚያ ላይ ተደግፈህ ስትቆይ ይጫናል። መዳፉ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጓንት ሊያባብሰው ይችላል። መሪውን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ያዘነበለ ከሆነ አስተካክል፣ አያያዝህንም በየጥቂት ደቂቃው ቀይር። የጎማው ነፋስ ከልክ በላይ ከሆነም የመንገዱ ንዝረት በሙሉ መዳፍህ ላይ ነው የሚያርፈው። ከብስክሌት ከወረድክ በኋላ ድንዛዜው ለቀናት ካልለቀቀ ወይም የመጨበጥ ኃይልህ ከቀነሰ ሐኪም ይየው። ጣቶችህ በብርድ ጊዜ ወረቀት መስለው የሚነጡ ከሆነም እንደዚሁ። የደነዘዘ እጅን በብብትህ ስር አሙቀው እንጂ ትኩስ ውሃ ውስጥ አትንከረው፤ ሙቀቱን ስለማይለይ ይቃጠላል።