ፌሪቲን ወርዶ ልብ ላይ ብረት የሚቀረው ለምንድን ነው? (ታላሴሚያ)

ጥያቄ፦ የጅዳዋ አክስት
የወንድሜ ልጅ ቤታ ታላሴሚያ ሜጀር (በዘር የሚመጣ፣ ደም በየጊዜው መውሰድ የሚያስፈልገው ከባድ የደም ማነስ) አለበት። 19 ዓመቱ ነው፣ 42 ኪሎ ይመዝናል፣ በየአራት ሳምንቱ ሁለት ዩኒት ደም ይወስዳል። ብረት በሚያስወጣው ክኒን በዴፌራሲሮክስ ፌሪቲኑ (የብረት ክምችትን የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ3800 ወደ 1400 ወርዶ ነበር። በኢኮም (የልብ አልትራሳውንድ) ኢኤፉ፣ ማለት ልቡ በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚረጨው ድርሻ፣ 57 በመቶ ስለሆነ «ደህና ነው» ተብለናል። አሁን ግን የልብ ኤምአርአይ ሲነሳ ቲቱ ስታር (የልብ ብረት መለኪያው) 8 ሚሊ ሰከንድ ወጣ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀይሮ ብረት የሚያስወጣውን መርፌ ዴስፌራል በፓምፕ በቀን 2000 ሚሊ ግራም፣ ከዚያም ሌላ ብረት የሚያስወጣ ክኒን፣ ዴፌሪፕሮን ባለ 500ውን ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ አዘዘለት። ልጁ ምንም ሕመም ስለማይሰማው «ፌሪቲኔ ወርዶ ምን መርፌ አስፈለገ?» ብሎ እምቢ አለ። ምን ብዬ ላስረዳው? ፓምፑስ እንዴት ነው የሚሠራው? ቫይታሚን ሲ ይጨመር የሚሉም አሉ።

መልስ፦ የደም ሐኪም
ሐኪሙ ያዘዘው ትክክል ነው፤ አታዘግዩት። ፌሪቲን በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ጉበት ነው። ጉበት ብረቱን በወራት ሲለቅ ልብ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ጉበቱ እየጸዳ ልቡ እንደተሞላ ይቆያል።

ስሌቱን ለልጁ ያሳዩት። አንድ ዩኒት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዟል፤ እሱ በዓመት 26 ዩኒት ሲወስድ ከ5 እስከ 6.5 ግራም ይገባበታል። በጤነኛ ሰው መላ አካል ውስጥ ያለው እንኳ ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። ሰውነት በራሱ የሚያስወጣው ደግሞ በቀን 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ብቻ።

ቲቱ ስታር ሲያንስ ብረቱ በዝቷል ማለት ነው። ከ20 በላይ ደህና፣ ከ10 እስከ 20 መጠንቀቂያ፣ ከ10 በታች ከባድ ነው። በብረት ሰበብ የልብ ድካም የሚይዛቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ10 በታች ያሉት ናቸው። በ57ቱም አትጽናኑ። የደም ማነስ ልብን አብዝቶ ስለሚያሠራው የታላሴሚያ ሕመምተኛ ኢኤፍ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ በኤምአርአይ ሲለካ ዝቅተኛው ወሰን 63 ገደማ ነው። ለሌላ ሰው ደህና የሆነው ቁጥር ለእሱ ዝቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ ከራሱ ከቀድሞው ውጤት ጋር አስተያዩት።

ለልጁ ይህን አጥብቀው ይንገሩት፦ ብረቱ ከወጣ የልብ ጡንቻው ይመለሳል። ይህን ያህል የሚመለስ የልብ ጡንቻ ሕመም ጥቂት ነው። ኤምአርአዩ በየ6 ወሩ ይደገም። የታይሮይድ፣ የስኳርና የካልሲየም ምርመራም አይቅር፤ ብረቱ እነዚያን ዕጢዎችም ይጎዳል፣ የካልሲየም ማነስ ደግሞ ልብን ያደክማል።

መልስ፦ ሲስተር (የደም ክፍል)
እህቴ፣ 2000 ሚሊ ግራም ማለት ባለ 500ው አራት ብልቃጥ ነው። በእያንዳንዱ ላይ 5 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ጨምሪ፤ ዱቄቱን በቀጥታ በሳላይን አትበጥብጪው። በዝግታ አንከባልይው፣ ፈጽሞ ጥርት እስኪል ድረስ። ከደፈረሰ ይጣል። በድምሩ 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

መርፌው ከቆዳ ሥር ይገባል፤ ሆድ ላይ ከሆነ ከእምብርት ራቅ ተደርጎ ነው፣ ቦታውም በየቀኑ ይለዋወጣል። ካበጠና ከቀላ ብዙ ጊዜ ሰበቡ ወይ መርፌው ወደ ላይ ቀርቷል፣ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይ ውኃው አንሷል። የተለመደው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ልቡ እንዲህ ለሆነ ሰው ግን 24 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ሰዓቱን ሐኪሙን ጠይቂው። ሽንቱ ቢቀላ አትደንግጡ።

መልስ፦ ፋርማሲስት
ዴፌሪፕሮን ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ የልብ ሴል ውስጥ ገብቶ ብረቱን ያወጣል። አንድ ከባድ ጣጣ አለው፦ በአንዳንድ ሰው ላይ ኒውትሮፊልን (ባክቴሪያን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል) ያጠፋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ይሠራ። 38 ዲግሪ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ክኒኑ ወዲያው ይቁም፣ በዚያው ቀን ደሙ ይታይ። ኒውትሮፊሉ ከ1500 በታች ከሆነ ሐኪሙ ሳያይ አይጀመርም። ዚንክ ከታዘዘለት በመሃሉ 4 ሰዓት ይራራቅ።

ትኩሳቱ ከሆድ ቁርጠትና ከተቅማጥ ጋር ከሆነ ዴስፌራሉም ይቁም፤ በብረት የሚፋፋ የርሲኒያ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል።

ቫይታሚን ሲ በራሳችሁ አትጨምሩ። ብረትን ከማከማቻው በብዛት ስለሚለቅ የተሞላ ልብን በድንገት ሊጥል ይችላል። ሐኪም ሲያዝ እንኳ በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም በኪሎ አይበልጥም፣ እሱም ዴስፌራሉ እየገባ ነው።

ጥያቄ፦ የናዝሬት ልጅ
ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ የሚጎብጥበት የዘር ሕመም) ላለበትም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ የደም ሐኪም
አይደለም። በሲክል ሴል ብረት ልብ ውስጥ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። እዚያ የሚበዛው የልብ ጡንቻው መድረቅና የሳንባ ደም ግፊት ስለሆነ ኢኮ ሲሠራ የትራይከስፒድ ፍጥነት (በቀኝ ልብ ቫልቭ ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ፍጥነት) ይለካ፤ 2.5 ሜትር በሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የጅዳዋ አክስት
እግዜር ይስጥልኝ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ከፓምፑ ቢያርፍስ?

መልስ፦ የደም ሐኪም
በቲቱ ስታር 8 አይቻልም። ፓምፑ ሲቆም ከፕሮቲን ያልተያያዘው ብረት ብዙም ሳይቆይ ደሙ ውስጥ ተመልሶ ይታያል፤ ልብን የሚጎዳው ያ ነው። የልብ ምት መዛባት፣ ራስ መሳት፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ ወይም በቀኝ ጎን ከጎድን በታች ሕመም ከመጣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግባ። እዚያ «ታላሴሚያ ነው፣ ቲቱ ስታሩ 8 ነው» በሉ፣ የኤምአርአዩንም ወረቀት ያዙ። ዴስፌራሉ ያለ ማቋረጥ 24 ሰዓት በደም ሥር መግባት ይኖርበታል፤ ደም ካስፈለገውም በትንሽ በትንሹና በዝግታ ይሰጠው።