ነጻ የዓይን ምርመራ አድርጎ መነጽሩን ሌላ ቦታ መግዛት «የሰው ጉልበት መብላት» ነው?

ስቶክዌል፦ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተውን የድምፅ መልእክት ለንደን ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ የቀረ አይመስለኝም። መነጽር ቤት ውስጥ እንደሚሠራ የሚናገረው ወንድማችን፣ በመንግሥት የጤና አገልግሎት (በኤንኤችኤስ) ወጪ ዓይናቸውን ከተመረመሩ በኋላ ማዘዣቸውን ይዘው መነጽሩን ከኢንተርኔት የሚገዙትን ሁሉ «የሰው ጉልበት የሚበሉ» ሲል ወርፏቸዋል። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ መልእክቱን ከሰማች ወዲህ ቀጠሮ ያዢ ስላት ታፍራለች። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመነጽር ባለሙያዎች ሕግ ግን ምርመራው እንዳበቃ ማዘዣው ለተመርማሪው እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ «መነጽሩን ከእኔ ካልገዛህ አልመረምርህም» ማለትም ክልክል ነው። ሕግ በሰጣት መብት የተጠቀመችን እናት በዚህ ስም መጥራት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ከባንኮኒው ጀርባ፦ እኔም በዚሁ ሙያ ላይ ያለሁ ስለሆንኩ ወንድማችን ለምን እንደተማረረ ይገባኛል። ሕጉን ማንም አልካደም። ኤንኤችኤስ እንግሊዝ ውስጥ ለአንድ ምርመራ ለመነጽር ቤቱ የሚከፍለው ከ20 ፓውንድ ጥቂት የሚያልፍ ገንዘብ ነው፤ በዚህ ገንዘብ የመርማሪው ደመወዝ፣ የመሣሪያው ዕዳና የሱቁ ኪራይ እንደማይሸፈን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጉድለቱን ሲሞላ የኖረው የመነጽር ሽያጭ ነው። ልብስ ሰፊ ልክሽን ለክቶ ከጨረሰ በኋላ ቁጥሩን ጽፈሽ ወደ ጎረቤቱ ብትሄጂ ምን ይሰማዋል?

ስቶክዌል፦ በመጀመሪያ ወንድ ነኝ። ሁለተኛ፣ ልብስ ሰፊው ልክ በመለካቱ ከመንግሥት የሚቀበለው ገንዘብ የለም፤ እርስዎ ግን ይቀበላሉ። «ያነሰ ተከፈለኝ» እና «ጉልበቴ ተበላ» የተለያዩ ክሶች ናቸው። ያነሰ ዋጋ የተመነው መንግሥት ስለሆነ ለእርሱ አቤት ይበሉ እንጂ በእናቴ ላይ አይፍረዱባት።

የድሮ ሰው፦ ልጆቼ፣ ይህ ጠብ በእናንተ አልተጀመረም። ኤንኤችኤስ በ1948 ሲቋቋም ምርመራውም መነጽሩም በነጻ ነበር። በ1951 በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ እንዲጣል ሲወሰን፣ አገልግሎቱን ያቋቋመው አኑሪን ቤቫን ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። ምርመራው ራሱ ግን ለሁሉም በነጻ ሆኖ እስከ 1989 ቆየ፤ በዚያ ዓመት ለብዙው ሰው ተነፈገ፣ 60 ዓመት ለሞላን ደግሞ በ1999 ተመለሰልን። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ግብር ስከፍል ስለነበር ምጽዋት ተቀባይ አይደለሁም፣ የማንንም ጉልበት ስለመብላትም አልሰማም። በነገራችን ላይ ባለቤቴ ከቤት መውጣት አትችልም፤ ቤት ድረስ መጥቶ የሚመረምር አለ ሲባል ሰምቻለሁና የሚያውቅ ቢነግረኝ።

የግላስጎው እህት፦ እናንተ እንግሊዝ ውስጥ ስለ ልብስ ሰፊ ስትከራከሩ እኛ ስኮትላንድ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ ዕድሜና ገቢ ሳንጠየቅ በነጻ እንመረመራለን። መነጽሩን የት እንደምገዛ የጠየቀኝ መርማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጉዳዩ ደግሞ መነጽር ብቻ አይደለም። ግላኮማ ሕመም ሳይሰማ፣ ዳር ዳሩን እየበላ ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ሲሆን፣ እንደ እኛ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸውን ሰዎች በብዛት እንደሚይዝ በሕክምናው የታወቀ ነው። ሰውን እያሸማቀቃችሁ ከምርመራ ስታስቀሩ የምትጎዱት ዓይኑን ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ፦ እህቴ፣ መነጽሩ ስኮትላንድም ቢሆን ለሁሉም በነጻ እንዳልሆነ አብረሽ ብትናገሪ ጥሩ ነበር። ከምርመራ ቅሩ ያለም የለም፤ ወንድማችን የተናገረው ስለ ግዢው ነው።

ታክሲ ነጂ፦ እኔ 44 ዓመቴ ነው፤ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ነጻ ምርመራ አይገባኝም። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የመኪና ሰሌዳ ከ20 ሜትር ማንበብ ስለሚጠበቅበት ምርመራውን ልተወው አልችልም። አንድ መነጽር ቤት «ምርመራ በነጻ» የሚል ወረቀት በፖስታ ሳጥኔ ከቶልኝ ሄድኩ። ምርመራው በእውነትም በነጻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጭረት መከላከያ፣ ነጸብራቅ መቀነሻ፣ ሌንሱን ማቅጠኛ እየተባለ በ60 ፓውንድ የታየው መነጽር 190 ገባ። «ሁለተኛው በነጻ» የተባለው መነጽር እንኳ ማቅጠኛው ለብቻው ተከፍሎበታል። የሰው ጉልበት ስለመብላት ከተነሣ የእኔ የሁለት ቀን ጉልበት የት እንደገባ ይነገረኝ።

ከባንኮኒው ጀርባ፦ ማቅጠኛውን እንቢ ማለት ይችሉ ነበር። ቁጥሩ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የረባ ጥቅም የለውም፤ የሚጠቅመው ወፍራም ሌንስ ለሚያስፈልገው ነው።

ስቶክዌል፦ እንግዲህ ራስዎ መሰከሩ። የማይጠቅመውን ነገር የሸጠለት ማን ሆነና ነው እንቢ ባለማለቱ የሚወቀሰው?

ታክሲ ነጂ፦ ብቻ አንድ ጓደኛዬ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ስለሚቀበል የምርመራው ቅጽ ላይ ምልክት አድርጎ በነጻ ይመረመራል። እኔም ጥቂት ስለምቀበል በሚቀጥለው ምልክቱን አድርጌ እገላገላለሁ።

ቅጽ ሞይ፦ ወንድሜ፣ እንዳያደርጉት። ዩኒቨርሳል ክሬዲት መቀበል ብቻውን አይበቃም። ባለፈው የሒሳብ ወር በእጅ የገባው የሥራ ገቢ ከ435 ፓውንድ ያልበለጠ መሆን አለበት፤ የልጅ ድጎማ ወይም በሕመም ምክንያት የሥራ አቅም መቀነስ ካለበት ጣሪያው 935 ነው። ከፈረሙ በኋላ ውሸት ሆኖ ቢገኝ ቅጣት ይመጣል። ገቢዎ አነስተኛ ከሆነ ግን ኤችሲ1 የሚባለውን ቅጽ ሞልተው ይላኩ፤ ተቀማጭዎ ከ16,000 ፓውንድ ካልበለጠ ይታይልዎታል። ኤችሲ2 የምስክር ወረቀት ከመጣልዎ ምርመራው በነጻ ይሆናል፣ ለመነጽሩም ቫውቸር፣ ማለትም ከዋጋው የሚቀነስ ኩፖን፣ ይሰጥዎታል፤ ኤችሲ3 ከመጣ እገዛው በከፊል ነው።

ታክሲ ነጂ፦ እኔን አጭበርባሪ ማለትዎ ነው? እዚህ አገር ቅጽ የሚያነብ ሰው እኮ የሚገኘው በእናንተ ሰፈር ብቻ ነው።

ቅጽ ሞይ፦ ያልኩትን ደግመው ያንብቡት፤ አጭበርባሪ የሚል ቃል የለበትም። እግረ መንገዴን ቢሮ ተቀምጠው በኮምፒውተር ለሚውሉትም ልናገር፦ በ1992 በወጣው የኮምፒውተር ስክሪን ደንብ መሠረት ሠራተኛው ከጠየቀ የምርመራውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። መነጽሩን የሚገዛው ግን ለስክሪን ሥራ ብቻ ተብሎ የታዘዘ እንደሆነ ነው። ይህን መብት የማይጠይቁ ሰዎች ናቸው ስለ ውድነት ሌሊቱን ሙሉ የሚጽፉት።

ከባንኮኒው ጀርባ፦ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሰው ከኢንተርኔት ሲያዝ በሁለቱ ብሌኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ይጠየቃል። ማዘዣው ላይ እንድንጽፈው ሕግ አያስገድደንም፤ ስለዚህ ደንበኛው ተመልሶ መጥቶ «እባክህ ለካልኝ» ይላል። መነጽሩ በፖስታ ሲደርሰውና ጆሮው ላይ ሲጠብቀው ደግሞ እንደገና መጥቶ «አስተካክልልኝ» ይላል። ለሩቅም ለቅርብም የሚሆነው ቫሪፎካል ከሆነ ሌንሱ ፊቱ ላይ በየት ቁመት እንደሚያርፍ ሳይለካ ስለተሠራ ደረጃ ሲወርድ ያዞረዋል፤ ያን ጊዜም የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ጉልበት ተበላ የተባለው ይኸ ነው።

ስቶክዌል፦ አሁን ገና ሰው የሚረዳው ነገር ተናገሩ። ቫሪፎካል ከኢንተርኔት አይገዛ ቢሉ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ። ነገር ግን የድምፅ መልእክቱ ስለ ቫሪፎካል አልተናገረም፤ ለማንበቢያ ብቻ የሚሆን ተራ መነጽር የምትገዛን አሮጊት ነው የሰደበው። ለመለካትና ለማስተካከል ዋጋ ካለው ዋጋውን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ለምን አትጠይቁም? ዋጋውን መነጽሩ ውስጥ ደብቃችሁ፣ መነጽሩን ያልገዛውን ሌባ ታደርጉታላችሁ።

ከባንኮኒው ጀርባ፦ አንድ ሱቅ ለመለካት 10 ፓውንድ የሚል ወረቀት ቢለጥፍ በማግስቱ «ሐበሻ በሐበሻ ላይ ጨከነ» የሚል ሌላ የድምፅ መልእክት ትልኩበታላችሁ።

የግላስጎው እህት፦ አሮጌ ፍሬማችሁ ደህና ከሆነ አዲስ ሌንስ ብቻ ማስገባት እንደሚቻል እስካሁን ማንም አላነሣም። ግማሹን ወጪ የሚያስቀረው እርሱ ሆኖ ሳለ ስለ ስድብ ብቻ ነው የምትጽፉት።

ከባንኮኒው ጀርባ፦ ፍሬሙ ሲነቀል ከተሰበረ ተጠያቂው ማን ነው? እኛ ይህን አስፈርመን ነው የምንቀበለው።

ታክሲ ነጂ፦ የግላስጎዋ እህቴ ስለ ግላኮማ ያነሣሽው እኔን ይመለከተኛል። የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ በዚሁ በሽታ ጠብታ ይጠቀማል።

የግላስጎው እህት፦ ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? እንግሊዝ ውስጥም ቢሆን 40 ዓመት ሞልቶት ወላጁ፣ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ልጁ ግላኮማ ያለበት ሰው ምርመራው በኤንኤችኤስ በነጻ ነው። ገቢም አይጠየቅም።

ታክሲ ነጂ፦ ያን ቀን ያንን ሁሉ ማቅጠኛ ሲሸጡልኝ ይህንን ለምን አልነገሩኝም?

ከባንኮኒው ጀርባ፦ በቤተሰብዎ ውስጥ ግላኮማ ያለበት አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን። አብዛኛው የእኛ ሰው የቤተሰብ በሽታ መናገር ስለማይወድ «የለም» ይላል።

ታክሲ ነጂ፦ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ስቶክዌል፦ ከዋጋ በላይ የሚያስቆጣው ይኸ ነው፤ ስለ ጉልበት ማን ያውራ!

ከባንኮኒው ጀርባ፦ አንድ ሱቅ ስላልጠየቀ ሙያውን በሙሉ መክሰስ አይገባም።

ስቶክዌል፦ አንዲት እናት ከኢንተርኔት ስለገዛች ሕዝቡን በሙሉ መክሰስ ግን ይገባል ማለት ነው።

የድሮ ሰው፦ ስለ ባለቤቴ ጠይቄ ነበር፤ የመለሰልኝ ሰው አላየሁም።

ቅጽ ሞይ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ነጻ ምርመራ የሚገባው ሰው በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ብቻውን ከቤት መውጣት ካልቻለ ቤቱ ድረስ ተመጥቶ በነጻ ይመረመራል። ሁሉም መነጽር ቤት ይህን አይሠራም፤ ሲደውሉ በኤንኤችኤስ የቤት ለቤት ምርመራ ይሰጡ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቋቸው። መርማሪው ፍሬም የሞላ ሻንጣ ይዞ ስለሚመጣ፣ ዋጋውን ሳይሰሙ አንዱንም እንዳይመርጡ።

ከባንኮኒው ጀርባ፦ ይህችን የመጨረሻዋን መጨመር አስፈላጊ ነበር?

ቅጽ ሞይ፦ አዎ፣ አስፈላጊ ነበር።