የ1969 ሼቬል፦ ፍሬን፣ ሙቀትና ካምቢዮ፣ ከየቱ ልጀምር?

ባለሼቬሉ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እጄ ላይ ያለችው እ.ኤ.አ. የ1969 ሼቬል (የአሜሪካ ሼቭሮሌት መኪና) ናት። ሞተሯ ባለ 350 ቪ8፣ ካምቢዮዋ ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ (ቲኤች350)፣ ፍሬኗ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ እየታከከ የሚያቆመው ክብ ብረት)፣ ሰርቮ (በሞተሩ ቫኪዩም እግርን የሚያግዝ) የላትም። ከእኔ በፊት የነበራት ሰው ሞተሩን አሰርቶታል፣ ጠንከር ያለ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) አስገብቶበታል፤ ቆማ ስትንተከተክ ለጆሮ ደስ ትላለች። የዲፈረንሻሉንም የማርሽ ሬሾ 3.73 አድርጎታል። መሄዱንስ ትሄዳለች። ጭንቀቴ ሌላ ነው።

አንደኛ ፍሬኑ። ጠዋት ጥሩ ይይዛል፣ ረጅም ቁልቁለት ከወረድኩ በኋላ ግን ፔዳሉን ብረግጠውም የሰማችኝ አይመስለኝም። ደግሞ ወደ ግራ ትስባለች። ሁለተኛ ሙቀት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሀያ ደቂቃ ያህል ከነዳሁ መርፌው መውጣት ይጀምራል፣ ፍጥነት ስቀንስ ተመልሶ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ በዚሁ ፍጥነት ሞተሩ 3000 ዙር ላይ ይጮሃል፣ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራት የለም።

ያሰብኩት ትልቅ የአሉሚኒየም ራዲያተር፣ የፊት ዲስክ ፍሬንና ባለ አራት ማርሽ 700አር4 ካምቢዮ በአንዴ ገዝቼ መግጠም ነው። የትኛው ይቅደም? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጥቁር እጅ፦

ወንድሜ፣ ፍሬኑ ይቅደም። ይሄ ክርክር የለውም። የማትቆም መኪና ላይ ካምቢዮ መቀየር ምን ይሉታል?

ቁልቁለት ላይ የሚደርስብህ የታወቀ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ስለዚህ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል። ሸራውም ከልክ በላይ ሲሞቅ መያዝ ያቆማል፣ ሙቀቱ ደግሞ እዚያው ውስጥ ታፍኖ ነው የሚቀረው። ዲስክ ክፍት ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል። ስትቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፣ ስለዚህ ፊቱን ብቻ ዲስክ አድርገህ ኋላውን ታምቡር ብትተወው ለመንገድ ይበቃሃል።

አሁን ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። ዲስክ ገጥሞ የድሮውን የታምቡር ማስተር (ፔዳሉ የሚገፋው የፍሬን ዘይት ፓምፕ) ይተወዋል። የታምቡር ማስተር መስመሩ ውስጥ ወደ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚሆን ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ ሊኖረው ይችላል። ለታምቡር ጥሩ ነው። ዲስክ ላይ ግን ሸራው ሳይለቅ እየታከከ ይቀራል። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፣ ቸርኬው በእጅ የማይነካ ሆኖ ሳየው ነው የገባኝ። ደግሞም የዲስክ ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠው) ሸራው እያለቀ ሲሄድ ብዙ ዘይት ይወስዳል፣ የታምቡር ማስተር የፊት ጎድጓዳው ትንሽ ነው። ስለዚህ ማስተሩን ከዲስኩ ጋር ቀይር። የግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭም ጨምር፣ ያለሱ በድንገት ስትረግጥ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይታሰርና መኪናዋ ትዞርብሃለች።

ሰርቮ ከማሰብህ በፊት የቫኪዩም ጌጅ ተዋስና ለካ። ካምሻፍቱ ጠንካራ ነው ብለሃል፣ እንዲህ ያለው የሞተሩን ቫኪዩም ይቀንሳል። ሰርቮ በደንብ እንዲያግዝ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ወደ 18 ኢንች (የሜርኩሪ) ቫኪዩም ይፈልጋል፤ አንተ 11 ወይም 12 ካገኘህ አንዴ ረግጠህ ሁለተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል። እንደዚያ ከሆነ ያለ ሰርቮ ሂድ። የማስተሩ ፒስተን ጠበብ ያለ ይሁን፣ ጠባብ ሲሆን ግፊቱ ይጨምራል፣ ፔዳሉ ግን ትንሽ ይረዝማል። የፔዳሉ ክንድ ላይ ሁለት ቀዳዳ ታገኛለህ፤ የላይኛው ሰርቮ ለሌለው ነው፣ የታችኛው ላለው። ይህን ሳያዩ ፍሬኑ ከበደኝ የሚሉ ስንቶች ናቸው!

ጋሼ ታምቡር፦

ልጄ፣ ሁሉም ዲስክ ዲስክ ይልሃል። እኔ አልከራከርም፣ ዲስክ ይሻላል። ግን ወደ ግራ ትስባለች ያልከው የዲስክ ጉዳይ አይደለም። ዲስክ ገዛህም አልገዛህም መንስኤውን ካላገኘኸው ይከተልሃል።

ወደ ግራ ከሳበች ግራው አይደለም የሚታመመው፣ ብዙ ጊዜ ቀኙ ነው። ቀኙ ስላልያዘ ግራው ብቻውን ይጎትታታል። ቀኙን ታምቡር አውልቅና እይ። ሁለቱ ሸራዎች እኩል አይደሉም፣ ባለ አጭሩ ወደ መኪናዋ ፊት፣ ባለ ረጅሙ ወደ ኋላ ነው የሚሆነው። ገልብጦ የገጠመ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ ፒስተኑ ዘይት ያፈሳል ወይ ብለህ የጎማ ሽፋኑን ገለጥ አድርግ። ከዚያ የላስቲክ ቱቦውን። የሃምሳ ዓመት ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል፣ ዘይቱን ያሳልፋል፣ አይመልስም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ አቧራውን በነፋስ እንዳታራግፈው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አርጥበህ ጥረገው።

የፍሬን ዘይቱንስ መቼ ነው የቀየርከው? ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 (የተለመደ የፍሬን ዘይት ዓይነት) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ ከጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ የሚጠፋብህ ፍሬን ግማሹ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ውሃና እሳት፦

ስለ ሙቀቱ እኔ ልግባ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ራዲያተር ይገዛል፣ ገዝቶም ያው ይሞቃል።

ቆማ ስትሞቅና ስትሮጥ ስትሞቅ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ቆማ ከሆነ ነፋስ ነው የጎደለው፣ ቬንቲሌተሩን፣ በዙሪያው ያለውን መሸፈኛ፣ የራሱን የቬንቲሌተሩን ክላች ታያለህ። አንተ ግን ስትሮጥ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ነፋሱ ሞልቶ ተርፏል፣ ቬንቲሌተር እዚያ ላይ ሥራም የለው። ስለዚህ ወይ ውሃው አይዞርም፣ ወይ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ሙቀት ያመርታል፣ ወይ እውነትም ራዲያተሩ ተደፍኗል።

የታችኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የላስቲክ ቱቦ) ተመልከት። የውሃ ፓምፑ የሚስበው በሱ ነው። ላስቲኩ ከላላና ውስጡ ሽቦ ከሌለው ዙር ሲጨምር ይጨማደዳል፣ ውሃ ይታነቃል። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እንደሞቀ ሌላ ሰው 3000 ዙር ላይ እንዲይዝልህ አድርግና እይ፣ እጅህን ግን ከቺንጋው (ከሚዞረው ቀበቶ) አርቅ።

ሌላው ዲስትሪቢዩተሩ (ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ነው። ጎኑ ላይ ያለው የቫኪዩም ቱቦ ተገናኝቷል? ጠንካራ ካም የሚያስገቡ ሰዎች ነቅለው ይደፍኑታል። በዝግታ ጋዝ ስትሮጥ ሻማው ቀደም ብሎ መተኮስ አለበት፣ ከዘገየ ነዳጁ እየነደደ ይወጣል፣ ሙቀቱ ወደ ቴስታታውና (የሞተሩ ራስ) ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት 350 በቀጥታ መንገድ በቫኪዩሙ ድጋፍ የሻማው መቅደም ከ45 እስከ 50 ዲግሪ (የክራንኩ ዙር) ይደርሳል፣ ያለሱ 35 አካባቢ ላይ ይቀራል።

ቴርሞስታቱን አውልቀው የሚሉህን አትስማ። ቴርሞስታት ዝቅተኛውን ሙቀት ነው የሚወስነው፣ ከፍተኛውን አይደለም። የራዲያተሩን ክዳን ግን አዲስ አድርገው። ግማሽ ውሃ ግማሽ አንቱፍሪዝ ያለ ግፊት 106 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ 15 ፒኤስአይ የሚይዝ ክዳን ከ125 በላይ ያደርሰዋል። ክዳን ርካሽ ነገር ነው፣ ለዚያም ነው ማንም የማያስበው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ያኔ ራዲያተሩን ግዛ።

ዙር ቀንስ፦

ካምቢዮውን በተመለከተ፣ 3.73 በመደበኛ ጎማ 100 ላይ 3000 ዙር መሆኑ ትክክል ነው፣ ምንም አልተበላሸብህም። 700አር4 አራተኛው ማርሽ 0.70 ስለሆነ ወደ 2100 ያወርድልሃል። ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ማርሹም 3.06 ስለሆነ ስትነሳ ትወነጨፋለች።

እኔ ግን 200-4አር (ሌላ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ) ነው የማስገባው። አራተኛው 0.67 ነው። ቁመቱ ባለ አጭር ጅራቱን ቲኤች350 ያህል ስለሆነ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ እንዳለ ይገባል፣ ካምቢዮውን የሚሸከመውን ብረት ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ነው። 700አር4 ይረዝማል፣ ዘንጉን ማስቆረጥና ሚዛኑን ማስጠበቅ ሊመጣብህ ነው። ዘንጉ ከወረደ አይቀር ክሮቼራዎቹን (የዘንጉን መጋጠሚያዎች) ቀይራቸው።

ሁለቱም ግን ካርቡሬተሩ ጋር የሚታሰር ገመድ አላቸው። ይሄን ገመድ እንደ ተራ ነገር አትየው። ብዙ ሰው ማርሽ መቀየሪያ ገመድ ይመስለዋል፣ እሱ ግን የካምቢዮውን የውስጥ ግፊት ነው የሚያዘው። ከላላ ግፊቱ ይወርዳል፣ የካምቢዮው የውስጥ ክላች ዲስኮች ይንሸራተታሉ፣ አዲስ የታደሰ ካምቢዮ በአንድ ቀን ይቃጠላል። ካርቡሬተሩ ላይ የሚታሰርበት ነጥብ ትክክለኛው እንዲሆን ለዚያ የተሠራውን ማሰሪያ ግዛ፣ ራስህ ቆርጠህ አትሥራ። ከዚያ የግፊት ጌጅ ሳታስር ከቤት እንዳትወጣ።

ባለሼቬሉ፦

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክ! የቀኙን ታምቡር ስከፍተው ባለ አጭሩ ሸራ ከኋላ ነው የተገጠመው። የላስቲኩ ቱቦ ደግሞ ውስጡ መርፌ እንኳን አያስገባም። ሸራውን አዙሬ ሦስቱንም ቱቦ ቀየርኩ፣ ዘይቱንም ጠቅላላ አስወጣሁት፣ ቡና መስሎ ነበር የወጣው። አሁን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቁልቁለት ላይ ግን አሁንም አላምናትም፣ ስለዚህ ዲስኩን አዝዣለሁ፣ ከነማስተሩና ከነቫልቩ። ቫኪዩሙን ለካሁ፣ 12 ነው። ሰርቮ የለም ማለት ነው፣ ፔዳሉን የላይኛው ቀዳዳ ላይ አደርገዋለሁ።

ውሃና እሳት፣ የዲስትሪቢዩተሩ ቱቦ ተነቅሎ ጫፉ ላይ ቡሎን ተወትፎበታል። አገናኘሁት። ማኒኮቶውም ለስላሳ ነበር፣ ቀየርኩት። ትናንት አርባ ደቂቃ ነዳኋት፣ መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። የራዲያተሩ ገንዘብ ወደ 200-4አር ዞሯል።

ጋሼ ታምቡር፦

ጎበዝ። አዲሱን ማስተር መኪናዋ ላይ ከመግጠምህ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስረህ አየሩን አስወጣው። አለበለዚያ ሁለት ቀን ፔዳል ስትመታ ትውላለህ።