ፕሌይስቴሽን 5 በእርግጥ ጠፍቷል ወይስ ተደብቋል?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.)
ጤና ይስጥልኝ። ለገና ፕሌይስቴሽን 5 የተባለውን የጌም ማጫወቻ እገዛልሃለሁ ብዬ ለልጄ ቃል ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ በየመደብሩ ብዞርም ያገኘሁት ባዶ መደርደሪያና «አልቋል» የሚል ወረቀት ብቻ ነው። ትናንት ግን አንድ ሰው ያልተከፈቱ አራት ካርቶኖችን ሶፋው ላይ ደርድሮ ፎቶ አንሥቶ ለሽያጭ ማውጣቱን አየሁ፤ ስደውልለት የ499 ዶላሩን ዕቃ ከ850 በታች አልሰጥም አለኝ። እጥረቱ እውነት ከሆነ እሱ አራቱን ከየት አመጣ? ወይስ ኩባንያው ራሱ ዋጋው እንዲወደድ ይዞት ነው?

የፒያሳ ልጅ
ኩባንያው ይደብቃል የሚለው አያስኬድም። አምራቹ ሶኒ ከኅዳር 2013 ጀምሮ እስካለፈው መስከረም 20 ድረስ 13.4 ሚሊዮን ያህል ለገበያ ማቅረቡን አስታውቋል። ዋናው ጥቅሙ ከማጫወቻው ይልቅ በኋላ ከሚሸጣቸው ጌሞችና ከአባልነት ክፍያ ስለሚገኝ፣ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ካርቶን ምንም አያስገባለትም። ማነቆው ቺፑ፣ ማለትም የማጫወቻው አንጎል የሆነው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው፤ ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ የነደፈውን ዋናውን ቺፕ የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ሲሆን፣ በኮሮና ምክንያት ሰው ቤቱ ተቀምጦ ኮምፒውተርና ጌም መፈለግ ከጀመረ ወዲህ ለዚያው ፋብሪካ ወረፋ የያዘው ብዙ ነው።

የሌሊት ፈረቃ
እኔ በአንድ ትልቅ መደብር ዕቃ አራግፋለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጡልን 12 ብቻ ነበሩ፤ የላስቲክ መጠቅለያውን በቢላ ሳልቀድ ሁሉም በኢንተርኔት ተሽጠው ስለነበር፣ መደርደሪያ ሳይነኩ ወደ ገዢዎቻቸው ሄዱ። ብዙ ጊዜ የሚቀድመን ሰው ሳይሆን በሴኮንዶች ውስጥ ከፍሎ የሚጨርስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ያ ሰውዬም አራቱን ያገኘው እንዲሁ ይመስለኛል።

ጀበና
እንግዲያው እጥረቱን የፈጠሩት አየር ባየር ነጋዴዎቹ ናቸዋ!

የፒያሳ ልጅ
አይደሉም። የገዙትን መልሰው ስለሚሸጡት ቁጥሩን አይቀንሱትም፤ የሚለውጡት ማን በስንት ያገኛል የሚለውን ነው። ዕቃው እንደ ልብ ቢገኝማ 850 የሚከፍላቸው ከየት ይመጣ ነበር?

ጠያቂ
ታዲያ ምን ይሻለኛል?

የሌሊት ፈረቃ
በሶኒ በራሱ የመሸጫ ድረ ገጽ ላይ ይመዝገቡ፤ ለመረጣቸው ሰዎች የመግዣ ጥሪ በኢሜይል ይልካል፣ ለአንድ አካውንትም ከአንድ በላይ አይሸጥም። ሰውዬው ገንዘቡን አስቀድመው ይላኩልኝ ካለዎት ይተዉት። የፈረንጆቹ ገና ሲያልፍ ግፊያው ሊቀልልዎት ይችላል፤ ከዚያ እስከ እኛ ገና ድረስ 13 ቀን አለዎት።